ለሁለት ቤት የሚበቃ ሰጋቱራ

ማስተማር ያቆምኩት ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምርበት የኖርኩት ጉሮሮ እየሻከረ መጥቶ፣ በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች የማይሰሙኝ ሆንኩ። ሐኪሙ «ድምፅሽን አሳርፊው» አለኝና ከጊዜው ቀድሜ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ቀኑን ሙሉ አብራኝ የምትውለው ከቤታችን ጀርባ ያለችው ጠባብ ጓሮ ብቻ ሆነች።

የሀና ማርያም አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሰላጣም ቲማቲምም ሞከርኩበት፤ አንዱም አልረባ። እንዲህ እያለሁ ነው በስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ የእንጨት ፍቅፋቂ በጆንያ አምጥቶ አፈሩን ሲያለብስ ያየሁት። እርጥበቱ አይተንም፣ አረም አይበቅልም፣ ከጊዜ በኋላ እንጨቱ ራሱ አፈር ይሆናል ይላል። ይህን እኔ ራሴ «ጉዝጓዝ» ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። በእጄ ሠርቼው ግን አላውቅም ነበር።

ከእኛ ቤት ቁልቁል ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ የእንጨት ቤት አለ። ባለቤቱ ከስልጤ የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ ጢማቸው ላይ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ከመላጊያው ማሽን ሥር የተቆለለውን እያሳየሁ ጠየቅኳቸው።

«ሐጂ፣ ይሄን ሰጋቱራ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«የሚወስዱት እናት አሉ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣሉ። ከሳቸው የተረፈውን ግን ደስ እንዳለዎት ይውሰዱ፣ ቲቸር።»

እኒያን እናት አውቃቸዋለሁ። ከእኛ ሦስት በር አልፈው ነው የሚኖሩት። አሁን ቤታችን የቆመበት ሜዳ ድሮ የእሳቸውና የባላቸው እርሻ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ ያበቅሉበት እንደነበር ሰፈሩ ያወራል። ዛሬ የቀረቻቸው ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ወይራ ያላት ግቢ ናት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆሎ እየቆሉ፣ ንፍሮ እየቀቀሉ ታክሲ ተራው ጋ ይሸጣሉ። ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

የሚጠቀሙበት ምድጃ ከትልቅ የቀለም ቆርቆሮ የተሠራ ነው። በጎኑ ከታች አንድ ቀዳዳ አለው። መሀሉ ላይ ጠርሙስ ያቆሙና ዙሪያውን ሰጋቱራ እየጠቀጠቁ ይሞሉታል። ጠርሙሱ ቀስ ብሎ ሲወጣ እንደ ጉድጓድ ያለ ክፍት ቦታ ይቀራል። በታችኛው ቀዳዳ እሳት ከተለኮሰበት ያለ ነበልባል ቀስ እያለ ከጠዋት እስከ ቀትር ይነዳል። አንድ ድስት ባቄላ ለመቀቀል ከዚያ የሚሻል የለም። ይህን ሁሉ የማውቀው ግቢያቸው ገብቼ አይቼ ስለነበር ነው። አላውቅም ነበር ማለት እንዳልችል ነው ይህን አስቀድሜ የምጽፈው።

መጀመሪያ ላይ የተረፈውን ብቻ ነበር የምወስደው፤ በሳምንት አንድ ጆንያ። ቲማቲሙ ሥር ጎዘጎዝኩት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ለመለመ፣ አፈሩ ሲነኩት ለሰለሰ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ያለውን ጭቃ መንገድ አለበስኩት፤ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማው ሳይጨቀይ ገባ። ቀጥሎ የዶሮዎቹን ቤት አለበስኩ፤ ሽታው ጠፋ። ከዚያ ጽጌረዳዎቹ፣ ከዚያ የልብስ ማስጫው ሥር፣ ከዚያ የኮምፖስት ጉድጓዱ። በሁለት ወር ውስጥ በግቢያችን ሰጋቱራ የማያስፈልገው ነገር ጠፋ። አንድ ጆንያ አልበቃኝ አለ።

ስለዚህ ሰኞና ዓርብ መሄድ ጀመርኩ። እማማ ማክሰኞና ቅዳሜ እንደሚመጡ እያወቅኩ፣ አንድ ቀን ቀድሜ። ለራሴ ያልኩት «ሠራተኞቹን በሥራ ቀን ባላስቸግር ይሻላል» ነበር። ሰኞም ዓርብም የሥራ ቀን መሆናቸውን ግን ለራሴ አላስታወስኩም።

አንድ ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ጉሮሮሽ ተሻለሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ወዴት ነበሩ?»

«እንዲያው እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉ፤ ጆንያውን ወደ ሌላኛው ብብታቸው እያዞሩ።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። «እኔ ጋ ሁለት ጆንያ አለ፣ ይምጡና ይውሰዱ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በምትኩ ስለ ዝናቡ አወራኋቸው።

ከዚህ የሚብሰው የመጣው በሳምንቱ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳለ የእማማ ልጅ ከባጃጅ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን አውርዳ ወደ ግቢያቸው ስታስገባ አየሁ። ካርቶኑ ላይ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሥዕል ነበረው። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው። በማግስቱ ሐጂ ጋ ሄድኩና እንዲህ አልኩ።

«ሐጂ፣ እማማ ከእንግዲህ ሰጋቱራ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ልጃቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ አምጥታላቸዋለች። ሲያስገቡ አይቻለሁ።»

ሐጂ የያዙትን ጣውላ አስቀመጡና ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ከዚያ ጭስ ከተገላገሉማ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቻቸው ዞረው «ከዛሬ ጀምሮ ሰጋቱራውን ለቲቸር አስቀምጡላቸው» ብለው አዘዙ።

ያ ደስታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። እኔ በዚያች ደቂቃ ስለ ካርቶኑ እርግጠኛ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። ሰው ምድጃ በተሸጠበት ካርቶን ስንት ነገር ይዞ ይመጣል። ደግሞም ቆሎና ንፍሮ የሚሸጥ ሰው በሚጠፋና በሚመጣ መብራት ቀኑን ሙሉ ሊቀቅል እንደማይችል አውቅ ነበር። አንዱንም አልተነፈስኩም። ጆንያዬን ሞልቼ ወጣሁ።

ክረምቱ ገባ። ሐጂ አብዛኛውን ጊዜ በየሕንፃው በርና መስኮት ሲገጥሙ ስለሚውሉ ከእማማ ጋር አልተገናኙም። ሰጋቱራው ሁሉ ለእኔ ሆነ። ከእማማ ግቢ የሚመጣው ጭስ ግን ተለወጠ። ድሮ ቀጭን፣ የደረቀ ጣውላ የሚሸት ጭስ ነበር። አሁን የእርጥብ ቅጠል፣ የካርቶን፣ አንዳንድ ቀን የፌስታል ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ ሆነ። በመስኮቴ ሲገባ መስኮቱን እዘጋለሁ። ታክሲ ተራው ጋም አንዳንድ ቀን ቆሎ ብቻ ይዘው ይወጡ ጀመር፤ ንፍሮው ጠፋ። ባለቤቴ «እማማ ንፍሮ ተዉ እንዴ?» ሲለኝ «እንጃ» አልኩት።

ጓሮዬ ግን አማረች። ለከተማ ግብርና የሚዞሩ የወረዳ ባለሙያዎች አንድ ቀን በአጥር አሻግረው አዩና ተደነቁ። «ለሰፈሩ ሰው ብታስጎበኚልን» አሉኝ። እምቢ አላልኩም፤ ሰው ፊት ቆሜ ማስረዳት ናፍቆኝ ነበር። በቀጠሮው ቀን አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎረቤቶች መጡ። እማማም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

በደከመ ድምፄ ሁሉንም አስረዳሁ። መንገዱን፣ የዶሮ ቤቱን፣ የቲማቲሙን ሥር። ከባለሙያዎቹ አንዷ እየጻፈች ጠየቀችኝ፤

«ይህን ሁሉ ፍቅፋቂ ከየት ነው የምታገኚው?»

«ከእንጨት ቤት ነው» አልኩ። «ማንም የማይፈልገው፣ የሚጣል ነገር ነበር። እኛ ቆሻሻ የምንለው ነገር ሁሉ ሀብት ነው።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። እማማ ከቲማቲሙ አጠገብ ነበሩ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ አነሡ። በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት። ከዚያ ከነበረበት መልሰው፣ እንደ ሕፃን ጀርባ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከሌሎቹ ጋር ወጡ።

ከዚያን ቀን በኋላ ጓሮዬ ውስጥ ስገባ ደስ አይለኝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለራሴ አልተናገርኩም እንጂ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አዲስ የተከልኩት ጎመን ቢጫ ሆነ፤ የዘራሁት ካሮት ከነጭራሹ አልወጣም። ፍቅፋቂውን ከአፈሩ ጋር ቆፍሬ ቀላቅዬ ነበር። ምናልባት እንጨቱ መድኃኒት የተቀባ ይሆናል ብዬ ልጠይቅ ሐጂ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ያለችውን ዱካ ስበው አስቀመጡኝ። እሳቸው ግን ቆሙ።

«ቲቸር፣ ትናንት እማማን ታክሲ ተራ አገኘኋቸው» አሉ። «አዲሱ ምድጃ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። የምን ምድጃ ብለው ሳቁ።»

ዓይኔን ከፊታቸው ወደ መላጊያው ማሽን መለስኩ።

«እኔም ሳላጣራ ማመኔ ጥፋት ነው። ያመንኩት እርስዎን ነው፤ አስተማሪ ነዎት። ማን ነገረህ ሲሉኝ ሰው ነው ያለኝ አልኳቸው። ስምዎን አልጠራሁም።»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ተሳስቼ ነው» የሚል ነገር አጉተመተምኩና ስለ ጎመኑ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ከጓሮዬ ቁልል ሁለት ጆንያ ሞልቼ በጋሪ አስጭኜ እማማ በር ላይ ደረስኩ። ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ትኩስ ቆሎ በሳህን አቀረቡልኝ። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ይቅርታ አፌ ላይ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ወጣ።

«ሐጂ ቤት ያሉት ልጆች ተሳስተው ነው መሰለኝ፣ የእርስዎንም ለእኔ ሲሰጡ ከርመዋል። አላወቅኩም ነበር።»

እማማ ወደ ጆንያው ሄደው እጃቸውን ከተቱ። «እርጥብ ነው» አሉ። «ግዴለም፤ ፀሐይ ሲወጣ አሰጣዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሌላ ውሸት ጨምሬ ተመለስኩ፤ ያውም በማንም ላይ ክፉ የማያስቡ ሠራተኞችን ጥፋተኛ አድርጌ። ያመጣሁላቸውም የማይነድ እርጥብ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለስኩ። ወይራው ሥር ተቀምጠው ሽምብራ ይለቅማሉ። አልተቀመጥኩም።

«እማማ፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ለሐጂ ምድጃ አላቸው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ካርቶን ብቻ ነው። ሰጋቱራውን ሁሉ ለራሴ ፈልጌ ነው።»

መልቀማቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ማክሰኞ። ለምን ተከለከልኩ ብላቸው ልጆቹ ቲቸር የተናገረችውን ነገሩኝ። እነሱ ምን ያድርጉ፤ የታዘዙትን ነው።»

«ታዲያ ለምን መጥተው አልተቆጡኝም?»

«ልመጣ ነበር እንጂ። ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ ነበር። ልጄ በር ላይ ያዘችኝ። እማዬ፣ አስተማሪዬ ናት፣ አውቃ እንዲህ አታደርግም፣ ተሳስታ ነው አለችኝ። እኔም ይሁን አልኩ። ሐጂ ሲጠይቀኝም ያልሰማሁ መሰልኩ።»

ልጃቸውን ማስተማሬን አላስታወስኩም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ነው አሉ። ፊቷን ከዚያ ሁሉ ፊት መሀል ልፈልግ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እሷ እኔን አስታውሳ ጠበቃ ቆማልኛለች፤ እኔ እሷን በካርቶን ነው የማውቃት።

«ካርቶኑስ ምን ነበር?» አልኩ። ከአፌ ሳይወጣ መመለስ ነበረብኝ።

እማማ ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። «ልብሷ ነው። ትዳሯን ትታ የመጣችበት ቀን ነው። ካርቶኑን ከጎረቤቷ ለምና ነው ያገኘችው።»

ቆሜ አለቀስኩ። እማማ አላባበሉኝም፤ ግን አላባረሩኝምም። ሽምብራውን ሲጨርሱ ተነሡና ወደ ጆንያዎቹ ሄዱ። ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ዘርግተውታል። «ነይ እስቲ» አሉኝ። አንድ እፍኝ ዘግነው በጣቶቻቸው መሀል አንጠረጠሩት። ደቃቁ ወደ ታች ወረደ፣ ጥምዝምዙና ቁርጥራጩ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«ይሄ ትልልቁ ለእኔ አይሆንም። ምድጃው ውስጥ አየር ያስገባል፣ ነዶ ቶሎ ያልቃል። እስከ ዛሬም ለመለኰሻ ብቻ ነበር የምጠቀምበት፤ የቀረውን እደፋዋለሁ። እኔ የምፈልገው ይሄን ዱቄቱን ነው።»

ለእኔ ደግሞ ደቃቁ ነበር የማይሆነኝ። ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ ይጋገርና ዝናቡን አያሳልፍም። አጥሩ ጥግ ቆልዬ ሻጋታ አብቅሎ ነበር። ይህን ስነግራቸው እማማ ትንሽ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሳይታይ።

«መጀመሪያ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር» አሉ። «ለሁለታችንም ይበቃ ነበር እኮ።»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ጎመኑም ነገሩኝ። በአጥር አይተውት ነበር። «ጥሬ እንጨት ቆፍረሽ አትቅበሪ፤ መሬቱን ይበላዋል። ከላይ ብቻ አልብሺው። የባህር ዛፉን ፍቅፋቂ ደግሞ ችግኝ ጋ አታስጠጊው፤ ክረምት ይለፍበት።» የእንጨት ፍቅፋቂ ሲበሰብስ ከአፈር ናይትሮጅን እንደሚወስድ ስንት ዓመት ለፈተና ጠይቄበታለሁ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ሐጂ ቤት አብረን እንሄዳለን። ሐጂ የአሸዋ ወንፊት ሰጥተውናል። እማማ አንዱን ጫፍ ይዘው እኔ ሌላውን ይዤ እንነፋለን፤ ዱቄቱ ለእሳቸው፣ ሻካራው ለእኔ። ጆንያቸውን እስከ ቤት ልሸከምላቸው ስል አይፈቅዱም። ንፍሮው ተመልሷል። ሰላምታቸው እንደ ድሮው ነው፤ ጉሮሮዬን ይጠይቁኛል። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ጠይቄያቸው «ተይው» አሉኝ፤ «ይቅር ብያለሁ» አላሉም።

ወረዳዎቹ ደግሞ መጥተው ሌላ ሰፈር ሄጄ እንዳስረዳ ጠይቀውኝ ነበር። ጉሮሮዬን አመካኝቼ ቀረሁ። እውነቱን ብነግራቸው ይሻል ነበር፤ እሱን ገና አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ ልሄድ ታክሲ ስጠብቅ ልጃቸው ከፊቴ ተሰልፋ ነበር። ዞር ብላ አየችኝና ወዲያው ተራዋን ለቀቀችልኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ይግቡ፤ ቆመው አይጠብቁ» አለች። ሁለታችንም ቦታ አገኘን። መስኮቱ ጋ አስቀመጠችኝ። ሥራ እየፈለገች እንደሆነ፣ ቃለ መጠይቅ እንዳላት ነገረችኝ። ስለ ቲማቲሙም ጠየቀችኝ።

ከላፍቶ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ አገላብጥ ነበር። ለእናቷ የነገርኩትን ለእሷ አልነገርኳትም። እማማም የነገሯት አይመስለኝም፤ በአነጋገሯ ያስታውቃል። እሷ ዘንድ አሁንም የተሳሳትኩ አስተማሪ ነኝ እንጂ የዋሸሁ አይደለሁም። «ያን ጊዜ አውቄ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀድማ «እማዬ ከእርስዎ ጋር ሰጋቱራ መንፋት ደስ ይላታል» አለችኝ።

ረዳቱን «ወራጅ አለ» አልኩት። ጎፋ ነበርን፤ ጎፋ ምንም ሥራ አልነበረኝም። ልጅቷ ጉልበቷን ዞር አድርጋ አሳለፈችኝና ቦርሳዬን አቀበለችኝ። ታክሲው እስኪርቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።